ለዓሣ ማደሪያውን መመለስ፦ ከጣና ወደብ የምናገኘው ትምህርት

(ማኅበረ ምእመናንና የፕሮጀክት ሠራተኞች በአንድነት የሚያጠኑት)

በነቀምቴ፥ በኑኑ ቁምባና በአካባቢው ያላችሁ ወገኖቻችን፥ «እኛ ወደብ የለንም፤ የዓሣ ነገር ምን ይመለከተናል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከጣና የሚወጣው ዓባይ ወለጋን ከጎጃም እየለየ ያልፋል፤ የዲዴሳም ውኃ ወደ እርሱ ይገባል። ከዚህም በላይ ትምህርቱ በዕርዳታ ሥራ ላይ ያለነውን ሁሉ ይነካል።

1. የሆነው ነገር

ባሕር ዳር የወደብ ከተማ ናት። የመንገደኞችና የጭነት ጀልባዎች፥ የአሥጋሪዎችም የደንገል ታንኳዎች በአንድ ዳርቻ ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የሆላንድ የክርስቲያን ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ አሥጋሪው ርቆ መሥራት ቻለ፥ ገበያውም ሰፋ። ሆኖም በ1990ዎቹ ዓመታት፥ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከጣና በቀር የትም የማይገኙት ነጭ ዓሣ፥ ከአራቱ ሦስት እጅ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋገጡ።

2. ምክንያቱ

ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይም ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያን ጊዜ መረብ በወንዙ አፍ ከተዘረጋ እናቲቱ ዕንቁላልዋን ሳትጥል ትያዛለች። ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ፥ ከእርሻ የታጠበ አፈር ሲሸፍነው፥ ወይም ውኃው በብርብራ ፍሬ ሲመረዝ ጉዳቱ ይብሳል። ጫጩት ዓሣ የሚሸሸግበት የዳርቻ ደንገልም እየተመነጠረ ሄዷል። በ2011 ደግሞ እንቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ፤ ውኃውን ሸፍኖ ዓሣውን አየር ያሳጣል፥ ጀልባውንም ያግዳል።

3. ማደሪያውን መመለስ ማለት

ሀ. በመራቢያ ወራት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነፃ ማድረግ ነው። በ2003 የፌዴራሉ መንግሥትና የአማራ ክልል የዓሣ ሀብት አዋጆች አውጥተዋል። ይሁንና መረቡን የሚሰበስብ አሥጋሪ በእነዚያ ወራት ልጆቹን ምን ያበላል? ይህን ሳይመልስ የሚጀመር ፕሮጀክት አይጸናም።

ለ. የዳርቻውን ደንገል እንደገና መትከልና ከብት እንዳይገባበት መጠበቅ ነው።

ሐ. እንቦጭን ዘር ሳያፈራ ነቅሎ ከውኃ አርቆ ማድረቅ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ የአንድ ወር ዘመቻ አይበቃም። የከተማ ፍሳሽና ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያም ያፋፋዋል።

4. ለእኛስ?

በወለጋም በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ የጮመንን ረግረግ በውኃ ሸፍኗል። መብራትና የመስኖ ውኃ ሰጠ፤ የግጦሽ መሬትንም ወሰደ። ረግረግን ስናጠነፍፍ፥ ምንጭን ስናጎለብት፥ ድልድይ ስንሠራ፥ አስቀድመን «በዚህ ስፍራ የሚራባው ማን ነው? በዚህ የሚኖረውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። በዘዳግም 22፥6-7 ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። ይህ ለነገ የሚሆነውን ማስቀረት ነው።

ለውይይት

• በወረዳችን የትኛው ረግረግ ወይም ወንዝ ዳር ተራቁቷል? ከዚያስ ምን ጠፋ?
• መልካም ብለን ከሠራነው ሥራ ያልታሰበ ጉዳት ያመጣው የትኛው ነው?
• ስፍራው እስኪያገግም ድረስ ኑሮው የሚጎድልበትን ጎረቤት እንዴት እንደግፈው?