እስክስታ የሚመቱ ልጆችና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት

እስክስታ አዋቂ ልጅ ያላቸው አንዳንድ ወላጆች «ጭፈራው ይበቃዋል፤ በሩጫ እግሩ ይሰበርብናል» ብለው ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲቀርላቸው ይለምናሉ። ልመናው ከፍቅር የመጣ ነውና አይናቅ፤ ነገር ግን የሚገባ አይደለም። እስክስታ ትከሻን፣ አንገትንና ደረትን እጅግ ያሠራል፤ እግርን ግን እንደ ሩጫና እንደ ዝላይ አያበረታም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ በርትቶ እንዲንቀሳቀስ፤ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክረውንም በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠራ መክሯል። ጭፈራው ከደቂቃው ይቈጠራል፤ የቀረውን ግን አይተካም። መምህሩም በሰርግ ማግስት ልጁ ምን ያህል እንደ ጨፈረ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት አንድ ሥራ ያለ ዕረፍት ሲደጋገምበት ይጎዳልና። ትከሻው የዛለ እንደ ሆነ በክንዱ አይንጠልጠል፤ ይሩጥ እንጂ። የሚያነክስ ልጅ ግን ከሩጫው ብቻ ሳይሆን ከጭፈራውም ይረፍ፤ ይህንም ለወላጆቹ መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው።