ስለ ተልባ እግር

በቅዱሳት መጻሕፍት «የተልባ እግር» የሚለው ቃል በብዙ ስፍራ ይገኛል። የጌታችን ሥጋ የተከፈነው በተልባ እግር ልብስ እንደ ነበረ በወንጌል ተጽፏል። ረዓብም ሰላዮቹን በሰገነቷ ላይ የሸሸገቻቸው በተልባ እግር ውስጥ መሆኑን መጽሐፈ ኢያሱ ይነግረናል። ይሁን እንጂ ይህ የተልባ እግር በማሳችን ከሚበቅለው ተልባ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ሳናስተውል ቃሉን ሰምተን የምናልፍ ብዙዎች ነን።

እግር ማለት እዚህ ላይ አገዳው ነው። ተክሉም ያው ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው፥ ፍሬው ተቈልቶና ተወቅጦ በጾም የምንመገበው ተልባ ነው። በአገራችን ደጋማ ክፍሎች ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው። በጥንት ግብፅ ግን ከአገዳው ጨርቅ ይሠራ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዓ.ም. በግብፅ አገር ታርካን በተባለ መቃብር የተገኘው የተልባ እግር ቀሚስ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው በምርመራ ታውቋል።

ቃጫው የሚገኘው በአገዳው ልጥ ውስጥ ነው። ከዚያ የሚወጣበት ሥራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ለጨርቅ የሚሆነው ተልባ ተጠጋግቶ ይዘራል፤ አገዳው ቅርንጫፍ ሳያበዛ እስከ 1 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው። ከተዘራ 100 ቀን ያህል ቈይቶ የታችኛው ክፍል ቢጫ ሲሆን ከነሥሩ ይነቀላል፤ በማጭድ ቢታጨድ የቃጫው ርዝመት ይጐድላልና።

2ኛ/ ፍሬው ከተራገፈ በኋላ አገዳው በውኃ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ወይም በማሳው ላይ ተዘርግቶ ለብዙ ሳምንታት ጤዛ ይመታዋል። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ቃጫውን ከእንጨቱ ያጣበቀውን ሙጫ መሰል ነገር ይበሉታል። ጊዜው ቢያጥር ቃጫው አይላቀቅም፤ ቢረዝም ደግሞ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል።

3ኛ/ አገዳው ደርቆ ይሰባበራል፤ እንጨቱም እየተመታ ይራገፋል። ቃጫው በብረት ጥርስ ከተበጠረ በኋላ ረጅሙ ለቀጭን ጨርቅ፥ አጭሩ ለገመድና ለሸካራ ጨርቅ ይሆናል።

ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ፥ በደጋን ተነድፎ በእንዝርት ይፈተላል፤ የተልባ እግር ግን ከዚህ የበለጠ ድካም ይጠይቃል። የጥጥ መፍተያ መኪና በተስፋፋበት ዘመን ተልባ ወደ ኋላ በመቅረቱ፥ ናፖሊዮን በ1810 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ተልባን በመኪና ለሚፈትል ሰው 1 ሚሊዮን ፍራንክ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ፊሊፕ ዠራር የተባለው ፈረንሳዊም በዚያው ዓመት መሣሪያውን ሠራ። ዛሬ ለጨርቅ የሚሆነውን ተልባ በማምረት ፈረንሳይ ከዓለም ቀዳሚ ናት። ጨርቁ ላብን ፈጥኖ ስለሚመጥ በሙቀት ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ሲረጥብም ይጠነክራል።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ገበሬዎቻችን ተልባቸውን ለጨርቅ ቢያውሉት ምን አለበት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ሁለት ነገር ማመዛዘንን ይጠይቃል። መጀመሪያ፥ ለፍሬ የሚዘራው ተልባ አጭርና ቅርንጫፋም ስለ ሆነ ቃጫው ለቀጭን ጨርቅ አይመችም። ለጨርቅ የሚዘራው ዘር ሌላ ነው፤ ጥሩ ቃጫ የሚፈልግም ፍሬው በሚገባ ሳይበስል መንቀል ይኖርበታል። ስለዚህ የቤተ ሰብ ምግብና ዘይት የሆነውን ሰብል ሳይመክሩ መለወጥ አይገባም።

ሁለተኛ፥ የመዘፍዘፊያው ውኃ ይሸታል፤ ዓሣም ይገድላል። በቤልጅግ አገር ሊስ የተባለው ወንዝ በተልባ ዝፍዘፋ ስሙ የታወቀውን ያህል በክፉ ሽታውም ይታወቅ ነበር። ሕዝብና ከብት በሚጠጡበት ምንጭና ወንዝ ይህ ሥራ እንዳይካሄድ መጠበቅ የአካባቢው ሹማምንት ኀላፊነት ነው። መሞከር የሚፈልግ ሁሉ በትንሽ መሬትና በጤዛው መንገድ ይጀምር።

አንባቢ ግን ነገሩን በዓይኑ ለማየት ማሳ አያስፈልገውም። በበሬ ያልተበራየ አንድ ጭብጥ አገዳ በገንዳ ውኃ 10 ቀን ያህል ዘፍዝፎ፥ አድርቆ በእጁ ቢያሸው፥ እንጨቱ ሲረግፍ ቃጫው በጣቱ መካከል ይቀርለታል። የተልባ እግር የተባለው ልብስ መነሻው ይኸው ነው።