ውድ እራት፣ ያልጠገበ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ ለእናቴ ልደት ቤተሰቤን ይዤ ቦሌ አካባቢ ስሙ ወደገነነ የቻይና ምግብ ቤት ሄድኩ። በየግላችን አዘዝን፤ ግማሾቻችን በልተን ስንጨርስ የሌሎቹ ገና አልደረሰም። እናቴ ጾመኛ ስለሆኑ ነጭ ሩዝ በልተው ተነሡ። ሒሳቡም ከሜኑው በለጠ። ተጭበርብረን ይሆን?

መልስ፦ በሒሳቡ ላይሆን ይችላል። የሜኑው ዋጋ ታክስ ካልጨመረ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ የ1,000 ብር ምግብ 1,265 ብር ይገባል።

መዘግየቱ ከአስተዛዘዝ የመጣ ይመስለኛል። የቻይና ማዕድ እንደ እኛው የጋራ ነው፤ ምግቡ መሃል ይቀመጣል፣ ሁሉም ይቀምሳል። ወጥ ቤቱም የደረሰውን በየተራ ይልካል፤ በኃይለኛ እሳት የተጠበሰ አትክልት ከቆየ ይልሞሰሞሳልና። ይህን ቀድሞ መንገር የአስተናጋጁ ሥራ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ምን ሰበብ አለው?

እናትዎ ሩዙን መምረጣቸው ግን ትክክል ነው። የአትክልት ጥብስ ብዙ ጊዜ የዶሮ መረቅ ወይም ከባሕር እንስሳ የሚሠራ የኦይስተር ሶስ ይገባበታል፤ ማፖ ቶፉ የሚባለውም በተለምዶ የተፈጨ ሥጋ አለበት። ስለዚህ «ሥጋ የለውም ወይ?» ብቻ ሳይሆን፣ መረቁና ሶሱ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቻይናውያኑ ራሳቸው የሚበሉበትን ቤት ይሞክሩ።