ከሙዳይ የወጣ እንግዳ ሳንቲም፦ ምንነቱንና ዋጋውን ለማወቅ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የእናት ሙዳይ ሲከፈት ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዳንዴ ግን ከጠገራው ጋር ማንም የማያውቀው ሳንቲም ይወጣል። መንደርዎ ለመጣ ነጋዴም ሆነ ደብረ ብርሃን ላለ አንጥረኛ ከማስረከብዎ በፊት እነዚህን ደረጃዎች ይከተሉ።

1. አይፈትጉት። አመድ፣ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ጥቁረቱን ያነሡለታል፤ ከጥቁረቱ ጋር ግን ሰብሳቢ የሚከፍልበትን ገጽም ይፍቁታል። አቧራውን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያድርቁት። ሲይዙትም ጠርዙን ይያዙ።

2. ዓመቱን ያንብቡ። ቁጥሩ ግእዝ ከሆነ ፲፱፻፳፫ ማለት 1923 ነው፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልሱት 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምሩ። ማርትሬዛ ላይ የሚያዩት 1780 ግን ዕድሜውን አይነግርዎትም። ምስላቸው ብሩ ላይ ያለው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ብሩ ከዚያ በኋላም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «የ240 ዓመት ቅርስ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልልን ሰው አይመኑ።

3. ምስሉንና የገንዘብ መጠኑን ይዩ። የመታሰቢያ ሳንቲም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በተከበረበት በ1923 ዓ.ም. የወጡት ማቶና የተባሉ ሳንቲሞች የኒኬልና የመዳብ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 75ኛ ልደት የወጡት ግን ወርቅ ናቸው፤ ባለ 10ሩ 4 ግራም፣ ባለ 200ው 80 ግራም ይመዝናል። በ1964 ዓ.ም. ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ ኃይለ ሥላሴ ያሉት ነገሥታት ምስል በብር ተቀረጸ። ከደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ የወጡት የደጋ አጋዘን፣ የዋልያና የጢማሙ ጥንብ አንሳ ምስል አለባቸው። በ1972 የሕፃናት ዓመት፣ በ1974 ደግሞ የዓለም ዋንጫ መታሰቢያ ወጥቷል። መጠኑ ያልተጻፈበት ከሆነ ሜዳይ ሊሆን ይችላል። ጠገራ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ መጠን ሳይጻፍበት ገንዘብ ሆኖ ኖሯል።

4. ይመዝኑት። እስከ ግራም መቶኛ የሚለካ የወርቅ ሚዛን ያስፈልግዎታል። ደህና ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ጠርዙ ላይም ጎላ ያሉ የላቲን ፊደላት ዞረውበታል። በጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ካለ ሳንቲሙ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ነው። ማግኔት ከሳበውም ብርም ወርቅም አይደለም፤ የኒኬል ማቶናን ግን ማግኔት ቢስበው አይደንግጡ።

ከማግኔት ይልቅ የምተማመነው በውኃ ነው። ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው፣ ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ያንጠልጥሉት። የሳንቲሙን ደረቅ ክብደት አሁን ሚዛኑ ላይ በሚያነቡት ቁጥር ያካፍሉ። ለማርትሬዛ ውጤቱ 10 አካባቢ ሊሆን ይገባል። 9 አካባቢ ከሆነ መዳብና ኒኬል መጠርጠር ነው። 17 ገደማ ከሆነ ወርቅ በእጅዎ ነው፤ ለማንም አያውሩ።

5. ሁለት ዋጋ ያስሉ። መጀመሪያ የማዕድኑን፦ ክብደቱን በጥራቱ ያባዙ። ማርትሬዛ 28.07 በ0.833 ሲባዛ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል፤ ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ዋጋ ያባዙት። ከዚያ በታች አይሽጡ። ሁለተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው፤ እሱ የሚወሰነው በብርቅነቱና በገጹ ደኅንነት ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ቀለበት የተበየደበት ሳንቲም ይህ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። የመታሰቢያ ሳንቲም ከነሣጥኑና ከነምስክር ወረቀቱ ከተገኘ ይጨምራል። በጨረታ የተሸጠበትን እንጂ ሻጭ የጠራውን ዋጋ መነሻ አያድርጉ።

6. ከመሸጥዎ በፊት ሕጉን ያስቡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሳንቲሙ ከሙዳይ ሳይሆን ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር ከመሬት የወጣ ከሆነ፣ በተለይ ትንሽና ቀጭን ሆኖ የንጉሥ ምስልና መስቀል ካለበት፣ የአክሱም ዘመን ሊሆን ይችላልና አይንኩት፤ የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርገው ለወረዳዎ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።