ዛፍ አየር ይበክላልን? ከአትላንታው ጥናት የምንማረው



በቅርቡ ችግኝ ስንተክል ከመካከላችን አንድ ወንድም፦ «ዛፍም እኮ አየር ይበክላል፤ ሳይንስ አረጋግጦታል» አለ። ግማሾቻችን ሳቅን፤ ግማሾቻችን ተናደድን። ማስረጃ ያቀረበ ግን አልነበረም። መድረሳ ስንቀራ ወሬን ሳናጣራ እንዳናስተላልፍ ተምረናል፤ ሳናጣራ ማስተባበልም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ዛፍ ምን ይለቃል?

በጠራራ ፀሐይ በባሕር ዛፍ መሀል ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ቅጠል ኦክስጅንና የውሃ ትነት ብቻ ሳይሆን ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ተናኝ ውህዶችንም ይለቃል። ከነዚህ በብዛቱ ቀዳሚው አይሶፕሪን ነው። አምስት የካርቦንና ስምንት የሃይድሮጅን አተሞች አሉት። የዓለም ዕፅዋት በዓመት 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ አይሶፕሪን እንደሚለቁ ይገመታል። ባሕር ዛፍና ኦክ ብዙ ከሚለቁት ውስጥ ናቸው። ሙቀትና ብርሃን ሲጨምር ልቀቱም ይጨምራል፤ ቅጠሉ ድንገተኛ ሙቀትን እንዲቋቋም ይረዳዋልና።

አትላንታ፣ 1988

አትላንታ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የምትገኝ ዛፍ የበዛባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ችግሯ ከመሬት አጠገብ የሚፈጠር ኦዞን ነበር። ከፍ ባለው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ያለው ኦዞን ከጎጂ ጨረር ይከልለናል፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲሆን ግን ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያለበትንም ያስጨንቃል። የተያዘው መፍትሔ በዋናነት ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጣውን ሃይድሮካርቦን መቀነስ ነበር።

የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋሙ ዊልያም ቻማይደስና ሦስት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የዛፎቹንም ልቀት በስሌቱ ውስጥ አስገቡ። ውጤቱ የተለየ ሆነ። ሰው የሚለቀው ሃይድሮካርቦን ቢቀነስም የዛፎቹ ስለሚቀር ኦዞን መፈጠሩን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን መቀነስ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ኬሚስትሪው

አንደኛ፦ በፀሐይ ብርሃን የሚፈጠረው ሃይድሮክሲል ራዲካል አይሶፕሪንን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያጠቃዋል። የተጠቃው ውህድ ኦክስጅን ይዞ ፐሮክሲ ራዲካል ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ይህ ራዲካል ናይትሪክ ኦክሳይድ ካገኘ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል።

ሦስተኛ፦ ብርሃን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ሲሰነጥቀው አንድ የኦክስጅን አተም ይወጣል። አተሙ ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ሲጣመር ኦዞን ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ግን አላለቀም፤ ተመልሶ ሌላ ዙር ይጀምራል።

ቁልፉ ያለው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሌለበት ንጹሕ አየር ውስጥ ዑደቱ አይዞርም፤ እንዲያውም አይሶፕሪን ራሱ ኦዞንን ሊቀንስ ይችላል። በከተማ ይህን ጋዝ በብዛት የሚያመጣው ደግሞ የሞተርና የኃይል ማመንጫ ቃጠሎ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ሮናልድ ሬገን በ1980 የምርጫ ዘመቻቸው ለአየር ብክለት ትልቁን ድርሻ ለዕፅዋት ሰጥተው ተናግረው መሳለቂያ ሆነዋል። ዕፅዋት ብዙ ሃይድሮካርቦን መልቀቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ዛፉ መኪና ከመፈጠሩ በፊትም ይህንኑ ይለቅ ነበር። የተለወጠው ያገኘው አየር ነው። ወንድማችን የሰማው ወሬ መነሻ አለው፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነበር።

ነገ መንገድና ከተማ የምንነድፈው እኛ ነን። የስሌቱን አንዱን ወገን ብቻ ይዘን ብንፈርድ ዛፉን ቆርጠን ጭሱን እናስቀራለን። ስለዚህ ችግኝ መትከላችንን እንቀጥል፤ መኪና በሚበዛበት ቦታ ስንተክል ዝርያውን እንምረጥ፤ የጭሱንም ጉዳይ አንርሳ።

ለሐለቃችን ውይይት

1. የናይትሪክ ኦክሳይዱ ተመልሶ መምጣት ለምን አሳሳቢ ሆነ?
2. በትምህርት ክፍላችን ግማሹ ብቻ የሚነገር ሌላ ምን እውነት እናውቃለን?

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።