ከማይታወቅ ተጋጣሚ ጋር የመክፈቻ ስልት፦ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» በሁለት ሰዎች ፖከር ሚዛን ሲታይ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ጠባዩና ችሎታው ከማይታወቅ ተጋጣሚ ጋር የሚደረግ ጨዋታ በምን ስልት ሊከፈት እንደሚገባ ይመረምራል። ዋናው የጥናት ጉዳይ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ውስጥ «ወረራ» የሚባለው፣ ተራ የሌለው የመክፈቻ ምዕራፍ ነው። ለማነጻጸሪያነት የተመረጠው በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረገው ፖከር ነው፤ የማይታወቅ ተጋጣሚን የመጋፈጥ ጥያቄ በሒሳብ በሚገባ የተፈተሸበት ጨዋታ በመሆኑ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ወረራ የውጭ አገር ተመልካቾች እንደገመቱት ሥርዓት የለሽ መንቀሳቀስ ሳይሆን ተጋጣሚን በአነስተኛ ዋጋ የማወቂያ ምዕራፍ ነው የሚል ነው። ፖከር እዚህ የተነሣው እንደ ሒሳባዊ ሞዴል እንጂ ቁማርን ለማበረታታት አይደለም።

መግቢያ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋን ገበያ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ በሬ ዋጋ ሲነጋገሩ፣ መጀመሪያ ዋጋ የጠራው ሰው ከገንዘቡ በፊት የሚያወጣው ነገር አለ፤ እርሱም መረጃ ነው። ሻጩ እስከ ስንት እንደሚወርድ ገዢው አያውቅም፤ ገዢው እስከ ስንት እንደሚወጣም ሻጩ አያውቅም። የመጀመሪያው ቃል ከመጠን በላይ ደፋር ቢሆን ንግግሩ ይፈርሳል፤ ከመጠን በላይ ለስላሳ ቢሆን ደግሞ ጥቅም ይቀራል። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይህንኑ ችግር «ያልተሟላ መረጃ» ይለዋል። ችግሩ በተለይ ብርቱ የሚሆነው በግጥሚያው መጀመሪያ ላይ፣ ስለ ተጋጣሚው አንዳችም ምልክት ባልታየበት ጊዜ ነው።

የወረራ ደንብ

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ስምንት በስምንት በሆነ ገበታ ላይ የሚካሄድ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። ገበታው እንደ ዘመናዊው ቼዝ በሁለት ቀለም የተዥጎረጎረ አልነበረም። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ፈረስና ደር ከዛሬዎቹ ፈረስና ግንብ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። መደቅ የሚባሉት ወታደሮች ከመነሻቸውም ቢሆን አንድ አንድ ቤት ብቻ ወደፊት ይራመዳሉ፤ የሚበሉትም በሰያፍ ነው።

ጨዋታውን ከሌሎች የቼዝ ዓይነቶች ሁሉ የሚለየው አከፋፈቱ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያራመደውን ይመልሳል፤ በሌላ ይተካል። ይህ ሁኔታ የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ስለዚህ ጨዋታ የተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1849 ከየጁው ተወላጅ ከራስ አሊ ጋር የብሪታንያን ውል የተፈራረመው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም በ1868 በታተመው መጽሐፉ የጨዋታውን ደንብ ገልጿል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 እነዚህንና ሌሎች ምንጮችን አሰባስቦ የሰንጠረዡን ታሪክና መርሕ አጥንቷል። የውጭ ተመልካች ዓይን በተለይ ያረፈው በመክፈቻው ፍጥነትና ግርግር ላይ ነው። የተጠና የመክፈቻ ቅደም ተከተል ባለመኖሩም ምዕራፉ ስልት የሌለው ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ግን ስልቱ ከተጠና ቅደም ተከተል ውጭ ሊኖር አይችልም ወይ የሚለው ነው።

የማነጻጸሪያው ሞዴል

በሁለት ሰዎች የቴክሳስ ፖከር እያንዳንዱ ተጫዋች ከ52 ካርታዎች ሁለት የተሸፈኑ ካርታዎች ይሰጠዋል። ሊደርሱት የሚችሉት ጥንዶች 1,326 ናቸው፤ የአበባ ልዩነታቸው ብቻ የሚለያቸው እንደ አንድ ሲቆጠሩ 169 ዓይነት ይሆናሉ። አዳዩ ግማሽ አሃድ፣ ተጋጣሚው አንድ አሃድ አስገዳጅ መደብ ያስቀምጣሉ። የጋራ ካርታዎች ከመገለጣቸው በፊት ቀድሞ የሚወስነው አዳዩ ነው፤ ከተገለጡ በኋላ ግን መጨረሻ ላይ የመወሰን ጥቅም ያገኛል። የአዳይነቱ ተራ በየዙሩ ይፈራረቃል።

አዳዩ መደቡን ወደ 2.5 አሃድ ከፍ አደረገ እንበል። ከራሱ የሚጨምረው 2 አሃድ ሲሆን መሃል ላይ ያለው 1.5 አሃድ ነው። ተጋጣሚው ካርታውን ከ57 በመቶ በላይ በሆነ ድግግሞሽ የሚጥል ከሆነ፣ አዳዩ ምንም ዓይነት ካርታ ቢይዝ ወዲያውኑ አትራፊ ነው፤ 2 ለ3.5 ሲካፈል 0.571 ነውና። በሌላ በኩል ተጋጣሚው 1.5 አሃድ ጨምሮ በጠቅላላ 5 አሃድ ለሚሆን መደብ ስለሚወዳደር፣ ከዚህ በኋላ ሌላ መደብ ባይኖር ጨዋታውን ለመቀጠል 30 በመቶ የማሸነፍ ድርሻ ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ የሚጥል ሰው ራሱን ለዘረፋ ያጋልጣል፤ ምንም የማይጥልም ደካማ ካርታ ይዞ ይከፍላል።

ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚጫወት ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የናሽ ሚዛን በሚባለው ስልት መጀመር ነው፤ ይህም ተጋጣሚው ማንም ቢሆን በረጅሙ ሊጠቀምበት የማይችል ስልት ነው። ሁለተኛው የተጋጣሚውን ድክመት ገምቶ በዚያ ላይ መዝመት ነው። ሁለተኛው የበለጠ ትርፍ ሊያስገኝ ይችላል፤ ግን ግምቱ ቢሳሳት ገማቹ ራሱ ይጋለጣል።

ጥቂት ምልከታ ምን ያህል ይታመናል?

የብዙ ተጫዋቾች ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች አዳይ በሆነባቸው 10 ዙሮች መደቡን ከፍ አደረገ፤ ተጋጣሚው 7 ጊዜ ጣለ እንበል። የታየው ድግግሞሽ 70 በመቶ በመሆኑ «ይህ ሰው ፈሪ ነው» ብሎ በማንኛውም ካርታ መዝመት ያጓጓል። ይሁን እንጂ የተጋጣሚው እውነተኛ ልማድ 50 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ከ10 ዙር 7 ወይም ከዚያ በላይ የመጣሉ ዕድል 176 ለ1,024፣ ማለትም 17 በመቶ ያህል ነው። ይህ ከስድስት ተመሳሳይ ግጥሚያዎች በአንዱ ገደማ የሚያጋጥም ነገር ነው። አዳይነት ስለሚፈራረቅ እነዚህን 10 ዙሮች ለማግኘት ራሱ 20 ዙር መጫወት ያስፈልጋል።

የቤይዝ ዘዴ ይህን ጥንቃቄ በቁጥር ያስቀምጠዋል። ተጫዋቹ ከግጥሚያው በፊት «የማላውቀው ሰው ግማሹን ይጥላል» የሚል ቅድመ ግምት ይዞ፣ ለዚህም የ20 ምልከታ ክብደት ሰጠው እንበል። ቅድመ ግምቱ 10 ከ20 ነው፤ የታየው 7 ከ10 ሲጨመርበት 17 ከ30 ይሆናል፤ ይኸውም 56.7 በመቶ ነው። ይህ ከ57.1 በመቶው መሥፈርት በታች ነው። ሰባት ጊዜ መጣሉን በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ ወዲያው አትራፊ ነኝ ለማለት ገና ነው። ምልከታው 70 ከ100 ቢሆን ግን ውጤቱ 80 ከ120፣ ማለትም 66.7 በመቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከሚዛኑ መውጣት ምክንያት አለው።

የኮምፒውተር ምርምርም ይህንኑ አቅጣጫ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመደብ መጠኑ የተወሰነው የሁለት ሰዎች ፖከር በተግባር መፈታቱን አሳወቁ። በ2017 ደግሞ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም በ20 ቀናት ውስጥ በ120,000 ዙሮች አራት ባለሙያዎችን አሸነፈ። ሊብራተስ የተጋጣሚዎቹን ጠባይ አጥንቶ በድክመታቸው ላይ አልዘመተም። ይልቁንም ቀን ቀን እነርሱ የነካኩትን የራሱን ክፍተት ሌሊት ሌሊት ይደፍን ነበር።

ወደ ወረራ ስንመለስ

ሁለቱ ጨዋታዎች በሦስት ነገሮች ይለያያሉ። በፖከር ካርታው የተሸፈነ ነው፤ በሰንጠረዥ ጠጠሩ ሁሉ ይታያል፤ የተሸፈነው የተጋጣሚው ሐሳብ ነው። በፖከር ዕውቀት የሚገኘው ከብዙ ዙር ድግግሞሽ ነው፤ በወረራ ከአንዱ ግጥሚያ ውስጥ፣ ተጋጣሚው ለእያንዳንዱ አሰላለፍ ከሚሰጠው ምላሽ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ዋጋው ነው። በፖከር የመጀመሪያው መደብ አንዴ ከተቀመጠ አይመለስም። በወረራ ግን ጠጠር እስካልተበላ ድረስ የተደረገው ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። መመለሻ የሌለው የመጀመሪያ ውሳኔ መብላት ነው።

ከዚህ አንጻር በወረራ ጊዜ ፈረስን አውጥቶ መመለስ፣ ወታደርን በአንድ ክንፍ ገፍቶ ማየት ከንቱ መንቀሳቀስ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ተጋጣሚው ወዲያው የሚዘጋ ነው ወይስ ችላ የሚል? በተገፋበት ክንፍ ይከማቻል ወይስ በሌላው ይመልሳል? መልሱ የሚገኘው ያለ ኪሳራ ነው።

ነገር ግን የተራ አለመኖር አደጋም አለው። በመነሻው በሁለቱ የወታደር መደዳዎች መካከል አራት ባዶ መደዳዎች አሉ። በተጎራባች ዓምዶች ላይ ያሉ ሁለት ተቃራኒ ወታደሮች ለመበላላት የሚደርሱት የሁለቱ እርምጃ ድምር አራት ሲሆን ነው። በተራ በሚካሄድ ጨዋታ ይህ ርቀት ጊዜ ይሰጣል። በወረራ ግን ተጋጣሚው ደጋግሞ ተራምዶ፣ መልስ ሳይጠብቅ መብላት ይችላል። ስለዚህ ርቀት መከላከያ አይሆንም፤ መከላከያ የሚሆነው መደጋገፍ ነው። እያንዳንዱ ሊነካ የሚችል ጠጠር ከኋላው የሚተካለት ካለው፣ ተጋጣሚው በፈለገው ጊዜ ቢበላ የሚያተርፈው ነገር አነስተኛ ይሆናል። የናሽ ሚዛን በፖከር የሚሠራውን ሥራ በወረራ የሚሠራው ይህ ተደጋጋፊ አሰላለፍ ነው፤ ተጋጣሚውን ማወቅ አይጠይቅምና።

በዚህ መሠረት ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚደረግ ወረራ በሦስት ደረጃ ሊታይ ይችላል። አንደኛ፣ ወታደሮችን አንድ እርምጃ ያህል አራምዶ ጠጠሮች እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ። እንዲህ ሲሆን የተጋጣሚው ወታደር ለመብላት ሦስት እርምጃ ተራምዶ፣ የገበታውን እኩሌታ አልፎ፣ በተጠበቀ ስፍራ መግባት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ይህ አጥር ሳይፈርስ በፈረስና በፊል ተጋጣሚውን መፈተን። ሦስተኛ፣ መቼ እንደሚበሉ መወሰን። የመጨረሻው ውሳኔ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ መዘግየቱ የሚጠቅመው ማንን ነው? አሰላለፉን የጨረሰ ተጫዋች ከተጨማሪ ጊዜ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ተጋጣሚው ገና እያሰናዳ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቅጽበት ለተጋጣሚው ነው። ስለዚህ ቀድሞ መብላት የሚገባው ከመዘግየት አነስተኛ ጥቅም የሚያገኘው ወገን ነው።

የጨዋታው የክብር ሥርዓትም ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማጥመድ እምብዛም የማያስመሰግን ሲሆን፣ በፈርዝ፣ በፊል ወይም በወታደር ማጥመድ ግን የተከበረ ነበር። ይህን ክብር የሚሻ ተጫዋች በወረራ ጊዜ ደካማ ጠጠሮቹን ለመጨረሻው ሰዓት ማቆየት አለበት። የተጋጣሚው ፊልና ፈርዝ አያያዝ ደግሞ ድልን ብቻ ይሻ ወይስ ምስጋናንም ይሻ እንደሆነ አስቀድሞ ሊጠቁም ይችላል።

ውሱንነትና መደምደሚያ

ይህ ንጽጽር የንድፈ ሐሳብ እንጂ የመስክ ማስረጃ ውጤት አይደለም። ለቅድመ ግምቱ የተሰጠው የ20 ምልከታ ክብደት ለማስረጃነት የተመረጠ ነው፤ ሌላ ክብደት ሌላ ወሰን ይሰጣል። የወረራ ገለጻዎችም ደንቡን እንጂ የተጫዋቾችን ሐሳብ ብዙም አይነግሩም።

ሆኖም ሁለት ነጥቦች ጸንተው ይቆማሉ። ከማይታወቅ ተጋጣሚ ጋር የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ የራሱን ክፍተት ሊደፍን፣ የሌላውን ድክመት ሊያሳድድ ደግሞ በቂ ምልክት ካየ በኋላ ሊሆን ይገባል። ወረራም ይህን ቅደም ተከተል በደንቡ ውስጥ የያዘ፣ ለማየት ጊዜ የሚሰጥና የማየቱን ማብቂያ ለተጫዋቾቹ ውሳኔ የሚተው አከፋፈት ነው። ይህን መላ ምት መፈተን የሚቻለው ጨዋታውን ከአባቶቻቸው የሰሙ ወይም ያዩ አዛውንት ቃል ሲመዘገብ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ፣ በደጋንና በባቲ፣ እንዲሁም በየጁ የሚሰማሩ የፎክሎርና የሒሳብ ተመራቂ ተማሪዎች ለአዛውንቱ ሊያቀርቡት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጠጠሩ እንዴት ይሄዳል?» የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ያ በመጻሕፍት ይገኛል። «ከማታውቁት ሰው ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?» የሚለው ግን እስካሁን ያልተጻፈ፣ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሊያልፍ የሚችል ዕውቀት ነው።