አንድ መርፌ ለሁለት ሰው

ስለ ኤድስ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉን ነው። እውነት ነው፤ በአብዛኛው የሚተላለፈው በዚያ መንገድ ነው። ከካምፕ ወጥተው ወደ ናይሮቢ የሚዘልቁ ወጣቶቻችን ግን ሌላውንም መንገድ ማወቅ አለባቸው። እርሱም ሄሮይን የሚወጉበት መርፌ ነው።

የሩንዳን ረጃጅም አጥርና ዘበኛ የቆመባቸውን በሮች ያየ ሰው፣ ይህ ነገር ከአጥሩ ውጭ ያለ፣ እንደ ጎረቤቱ ጊቶጎሮ ያሉ የቆርቆሮ ሰፈሮች ጣጣ ብቻ ይመስለዋል። ሱስ ግን የቤት ዓይነት አይመርጥም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በናይሮቢ 269 አደንዛዥ ዕፅ የሚወጉ ሰዎች ተመርምረው፣ ከመቶው ወደ 19 የሚጠጉት ቫይረሱ እንዳለባቸው ታውቋል። በ2012 በመላው ኬንያ ከ15 እስከ 64 ዓመት ባለው ሕዝብ ላይ የተገኘው ከመቶ 5.6 ነበር። በሴቶቹ ላይ ደግሞ ከወንዶቹ የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ ሰው በተወጋበት መርፌ የተወጉት በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው 6 እጥፍ ገደማ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚወጋው ሰው ደም ሥሩን ማግኘቱን ለማረጋገጥ ጥቂት ደም ወደ መርፌው ይስባል። ያ ደም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ቀጥሎ የሚወጋው ሰው ከዕፁ ጋር አብሮ ወደ ሰውነቱ ያስገባዋል። በውኃ ብቻ ማለቅለቅ አያስተማምንም። ቫይረሱ በመርፌ ውስጥ በቀረ ደም ለብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል። ማንኪያውን፣ ጥጡንና ውኃውን መጋራትም የጉበት በሽታን ያስተላልፋል።

መርፌ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ታዲያ ለምን ይጋራሉ? አንዱ ፖሊስ መርፌ እንዳያገኝበት ይፈራል፤ ሌላው ሱሱ ሲያንቀጠቅጠው መድኃኒት ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ሌላውን ደግሞ ሻጩ ገጽታውን አይቶ ይመልሰዋል። ማዋረዱና ማባረሩ ሰውየውን ወደ ጓደኛው መርፌ ይገፋዋል እንጂ ሱሱን አያስጥለውም።

በናይሮቢ ማታሪ ሆስፒታል ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ሜታዶን የተባለ መድኃኒት መሰጠት ተጀምሯል። የሚጠጣ እንጂ የሚወጋ አይደለም። በየቀኑ በባለሙያ ፊት ሲወሰድ የሄሮይንን ጥማት ያበርዳል፤ ሰውየውም መርፌውን ይተዋል። ሌሊቱን አንቀላፍቶ የሚያድር፣ ጠዋት ሥራ የሚፈልግ ሰው ይሆናል። ልጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ሱስ የተያዘበት ቤተሰብ ከቤት ከማስወጣቱ በፊት ስለዚህ ሕክምና ይጠይቅ።

በነገራችን ላይ፣ ዕፅ የማይወስደውም ሰው ቢሆን በሰፈር ለወባም ሆነ ለቫይታሚን የሚወጋው ሰው መርፌውን ከታሸገበት ሲያወጣ በዓይኑ ይመልከት። ካላየ እንቢ ይበል፤ ነውር የለበትም።

በተጠቀሙበት መርፌ የተወጋ ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቫይረሱን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል።